የአባ ግቡ ድምፅ

እስቲ ቀረብ በሉ። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጉና እግራችሁን ሸፍኑ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የፈረሰች ከተማ ነው። መፍረሷ አያስፈራችሁ። የፈረሰች ከተማ ውስጥም ሰው ይኖራል፤ ዶሮም ይኖራል።

ከተማዋ ሰንደራ ትባላለች። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ የአንድ ትልቅ መንግሥት መናገሻ ነበረች።

የሰንደራ ነገሥታት በወርቅ ሠረገላ ይሄዱ ነበር። ሠረገላውን የሚጎትቱት ክንፍ ያላቸው ፈረሶች ነበሩ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ የነገሩኝን ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ መንግሥቱ ወደቀ። ፈረሶቹ በረው ሄዱ። ነገሥታቱ በእግራቸው ሄዱ። ሰዉም ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ሰንደራ ብቻዋን ቀረች።

ውሸቴን ነው፤ ብቻዋን አልቀረችም። ብርቄ ነበረች።

ብርቄ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ናት። ከእናቷና ከአባቷ ጋር በቤተ መንግሥቱ ጓሮ ትኖራለች።

ጉትዬ የምትባል ዶሮም አለቻት። አናቷ ላይ እንደ ቁንጮ የቆመ ላባ ስላላት ነው ጉትዬ የተባለችው።

«ቁቅ ቁቅ ቁቅ!» ትላለች ጉትዬ። ብርቄ በሄደችበት ሁሉ ኋላ ኋላዋ ትላለች።

አባቷ ዱባ የሚተክለው የዙፋኑ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣሪያው ስለወደቀ ፀሐይ እንደ ልቧ ትገባለች።

አንዱ ዱባ ሐረጉን ስቦ፣ ስቦ፣ ዙፋኑ ላይ ወጣ። እዚያው ተቀምጦ አደገ፣ ወፈረ፣ ቁርጥ ንጉሥ መሰለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች ብርቄ ስታልፍ። ዱባው አይመልስም።

እናቷ ደግሞ ልብስ የምታሰጣው በሁለት የድንጋይ የጦር አለቆች መካከል ነው። ገመዱን አንገታቸው ላይ አስራዋለች።

የጦር አለቆቹ ጎራዴ ይዘዋል፤ ፊታቸውንም አኮሳትረዋል። በመካከላቸው ግን የብርቄ ቀሚስና የአባቷ ሱሪ ይወዛወዛሉ።

ብርቄ ሰንደራን ትወዳታለች። የተወለደችው እዚያ ነው፤ ሌላ ቤት አታውቅም።

አንድ ነገር ግን ይጎድላታል። አብሯት የሚጫወት ልጅ የለም።

ድብብቆሽ ለብቻ አይሆንም፤ ሞክራዋለች። ተደብቃ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ የሚፈልጋት አጣች። ዶሮ ደግሞ ቁጠሪ ቢሏት አትቆጥርም።

ከከተማዋ ዳር ትልቅ በር አለ። መዝጊያዎቹ ከወደቁ ቆይተዋል።

ከበሩ በላይ ግን ግዙፍ የድንጋይ ፊት አለ። ጆሮው ሰው ያስተኛል። አፉ ክፍት ነው፤ ሊናገር ሲል የተወው ይመስላል።

ስሙ አባ ግቡ ነው።

የብርቄ እናት ከገበያ ስትመለስ ሁልጊዜ አባ ግቡ ፊት ትቆማለች። ቅርጫቷን ታወርዳለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ቤቶች!» ብላ ትጣራለች።

ዝም።

ነፋስ ብቻ «ሽሽሽ» ይላል።

እናቷ ትንሽ ትጠብቅና ቅርጫቷን ተሸክማ ትገባለች።

«እማዬ፣ ማንን ነው የምትጠሪው?» አለቻት ብርቄ አንድ ቀን።

«አባ ግቡን ነዋ» አለች እናቷ። «ድሮ ሰው እዚህ ቆሞ ‹ቤቶች!› ሲል፣ አባ ግቡ ‹ደጆች! ግቡ!› ብሎ ይመልስ ነበር። ለንጉሥም ይመልሳል፤ ለለማኝም ይመልሳል።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ዝም ብሏል። መንግሥቱ ከወደቀ ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ካልመለሰ ለምን ትጠሪዋለሽ?»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «ሳይጠሩ መግባት ነውር ነዋ» አለች። «ደግሞስ አንድ ቀን ይመልስ እንደሆነ ማን ያውቃል።»

ብርቄ ቀና ብላ አባ ግቡን አየችው። አባ ግቡም አፉን እንደከፈተ አያት።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አንድ ቀን ክፉ ነገር መጣ። ከተራራው ውኃ የሚያመጣው የድንጋይ ቦይ ተደረመሰ።

«ጓ! ጓ! ጓጓጓ!»

ትልቅ ድንጋይ ተንከባሎ ቦዩ መሃል ተጋደመ። ውኃው መንገዱ ቢዘጋበት ዞሮ ወደ ገደሉ ፈሰሰ።

የዱባዎቹ ቅጠል ጠወለገ። ዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሥ ሳይቀር ኩምሽሽ አለ።

አባቷ ድንጋዩን ገፋ። እናቷ ገፋች። ብርቄም ገፋች። ጉትዬ አጠገባቸው ቆማ «ቁቅ» አለች።

ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ሰው ያስፈልገናል» አለ አባቷ ላቡን እየጠረገ። «እኛ ብቻ አንችለውም። ካለነው ውስጥ ደግሞ አንዷ ትንሽ ናት።»

«ትንሽ አይደለሁም» አለች ብርቄ።

እራት ላይ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ያለ ውኃ መኖር አይቻልም። እስከ ገበያ ቀን ድረስ የሚረዳን ሰው ካልመጣ ወደ ቆላ እንወርዳለን። ወንድሜ ቤት እንገባለን።»

«ሰንደራስ?» አለች ብርቄ።

«ሰንደራ እዚሁ ትቀራለች፤ ከተማ በጀርባ አይታዘል» አለ አባቷ።

ብርቄ ልትጎርስ ያነሣችውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ለምንድን ነው ሰው ወደኛ የማይመጣው?» ብላ ጠየቀች።

«ፍርስራሽ ማን ይወዳል ብለሽ ነው» አለ አባቷ።

ብርቄ ተኝታ ስታስብ ቆየች። አባ ግቡ ቢናገር ሰው ይመጣል። ሰው ቢመጣ ድንጋዩ ይነሣል። ድንጋዩ ቢነሣ አንሄድም።

ስለዚህ አባ ግቡ መናገር አለበት። በቃ፣ ቆርጣ ተነሣች።

ጠዋት መጥረጊያ ይዛ ወጣች። «ጆሮው ተደፍኖ ይሆናል» አለች ለጉትዬ። «ቢደፈንበት ነው እንጂ እንዴት አይሰማም?»

የፈረሰውን ግንብ ቧጥጣ ጆሮው ጋ ደረሰች። ጉትዬም ኋላ ኋላዋ እየዘለለች ወጣች።

«ጭው ጭው ጭው!»

አንደኛው ጆሮ ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ። ጎጆው ውስጥ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተዋል።

«ለዚህ ነዋ የማትሰማው» አለች ብርቄ። ጎጆውን ልታነሣ እጇን ሰደደች።

ጫጩቶቹ ገና ላባቸው አልሞላም። ብርቄ አየቻቸውና እጇን መለሰች። ቤት ማጣት ምን እንደሆነ እሷም እያወቀችው ነው።

ዞራ ሌላኛውን ጆሮ ጠረገች። አቧራው ቦነነ። «እጥሽ!» አለች ብርቄ። ጉትዬም ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ወርዳ በሩ ፊት ቆመች።

«ቤቶች!»

ዝም።

ነፋስ ብቻ «ሽሽሽ» አለ።

በሌላ ቀን ደግሞ «ርቦት ይሆናል» አለች። እኔም ሲርበኝ ማውራት አልወድም፤ ስለዚህ አልፈርድባትም።

ከምሳዋ ላይ የተቀቀለ ዱባ ቆርሳ፣ ግንቡ ላይ ተንጠራርታ አባ ግቡ ከንፈር ላይ አስቀመጠችለት።

ጉትዬ ዱባውን አየች። የማን ነው አላለችም። ዘላ ወጥታ ጥርግ አድርጋ በላችው።

«ጉትዬ፣ ያንቺ እኮ አይደለም» አለች ብርቄ። ጉትዬ መንቆሯን ድንጋዩ ላይ ጠረገች።

«ቤቶች!»

ዝም።

ነፋስ ብቻ «ሽሽሽ» አለ።

ሌላ ቀን ደግሞ «እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል» አለች። የእናቷን ድስትና ማማሰያ አመጣች።

«ኳ! ኳ! ኳ! ኳ!»

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ኳኳታ?» አለ አባቷ ከሩቅ።

«አባ ግቡን እየቀሰቀስኩት ነው!»

«ሲነቃ ሰላም በይልኝ» አለ አባቷ።

አባ ግቡ አልነቃም። ብርቄ ድስቱን አስቀመጠችና ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እጇ ዝሏል።

መሬቱን ስታይ ግን አንድ ነገር አየች። አመድ ነው። አንድ ሰው እዚህ እሳት አንድዶ ነበር።

ከአመዱ አጠገብ የአህያ ዱካ አለ፤ የትልቅ ሰው እግር ዱካም አለ። ደግሞም የትንሽ ልጅ እግር ዱካ አለ።

ብርቄ እግሯን በትንሹ ዱካ ላይ አስቀመጠች። ልክክ አለ።

ዱካዎቹ እስከ በሩ ድረስ መጥተው ቆመዋል። ከዚያ ዞረው ተመልሰዋል። አንዱም ወደ ውስጥ አልገባም።

ቁጥቋጦው ሥር አንዲት የጨርቅ ኳስ ወድቃለች። ብርቄ አነሣቻት፤ አቧራዋን አራገፈቻት።

ሮጣ ሄዳ ለአባቷ አሳየችው። «ሰው መጥቶ ነበር፣ አባዬ። ልጅም ነበረ። ለምን አልገቡም?»

አባቷ ኳሷን አገላብጦ አያት። «መንገደኞች ናቸው» አለ። «ፍርስራሹን ሲያዩ ጥለውን ሄዱ።»

ብርቄ ኳሷን አቅፋ ተኛች። ሰንደራን አይቶ የሚሄድ ሰው እንዳለ ማመን አልፈለገችም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማንም አልመጣም።

ቆላው ቀን ስለሚያቃጥል መንገድ የሚጀምሩት ወደ ማታ፣ ቀዝቀዝ ሲል ነው። እናቷ ድስቱን፣ ቅሉን፣ ብርድ ልብሱን ጠቀለለች። አባቷ ያለቻቸው አንዲት አህያ ላይ ጫነ።



ብርቄ ዞራ ዞራ ሁሉንም ተሰናበተች። የጦር አለቆቹን እግር ዳሰሰች። ገመዱ ስለተፈታ አንገታቸው ባዶ ነበር።

ኩምሽሽ ያለውን ዱባም ተሰናበተችው። «ንጉሥ ሆይ፣ ደህና ይሁኑ» አለችው። ዱባው ምን ይበል።

«ብርቄ፣ ጉትዬን ያዥና ነይ» አለች እናቷ። «እንሂድ፣ ልጄ።»

ጉትዬ ግን የለችም።

ዙፋኑ ሥር የለችም። የምትተኛበት የድሮ ወታደር የብረት ቆብ ውስጥም የለችም። ቅርጫቱ ኋላም የለችም።

«ጉትዬ! ጉትዬ!» እያለች ብርቄ ሮጠች። ጉትዬን ትታ የትም አትሄድም።

ያን ጊዜ ከወደ በሩ ድምፅ መጣ። «ቁቅ ቁቅ ቁቋቋቅ!»

ዶሮ እንዲህ ስትል ምን አድርጋ ነው? አዎ፣ እንቁላል ጥላ ነው።

ብርቄ ድምፁን ተከትላ ሄደች። ከአባ ግቡ ጀርባ፣ ሐረግ የሸፈነው ግድግዳ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለ። አባቷ ቢሞክር ትከሻው አያልፍም። ብርቄ ግን ሹልክ ብላ ገባች።

ውስጡ ደረጃ ነው። ደረጃውም ጠባብ ነው። ብርቄ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጣች፣ ወጣች፣ ወጣች።

ላይ ትንሽ ክፍል አለች። ፊት ለፊቷ ባለ ሰፊ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል። መሃሏ የድንጋይ መቀመጫ አለ።

መቀመጫው ላይ ጉትዬ ተኮፍሳ ተቀምጣለች። ሥሯ የተከመረ እንቁላል።

«ጉትዬ፣ እንቁላልሽን እዚህ ነው የምትደብቂው?» አለች ብርቄ።

ድምፁ ግን የብርቄን ድምፅ አልመሰለም። ግድግዳው ያዘው፣ አሳደገው፣ በቀዳዳው ወደ ውጭ ወረወረው።

«ጉትዬ-ዬ-ዬ-ዬ! የምትደብቂው-ው-ው-ው?»

ጉትዬ ደንግጣ ዘለለች። ብርቄ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ወደ ቀዳዳው ተጠግታ አየች። ሥሯ መንገዱ ይታያል፤ ግራና ቀኟ ትልልቅ የድንጋይ ጥርሶች አሉ።

ለካስ የቆመችው አባ ግቡ አፍ ውስጥ ነው።

ብርቄ እንቁላሎቹን ገፋ አድርጋ መቀመጫው ላይ ተቀመጠች። ለአባቷ አይበቃም። ለእናቷም አይበቃም። ለእሷ ግን ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

ድንጋዩ መሃሉ ለስልሷል። ብዙ ልጆች ተፈራርቀው ተቀምጠውበታል ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ልጅ የጫረው ሥዕል አለ። ክንፍ ያለው ፈረስ ነው። አንደኛው እግሩ ከሌሎቹ ይረዝማል።

ብርቄ ሥዕሉን በጣቷ ተከተለችው። ስለዚህ አባ ግቡ አልነበረም የሚናገረው። ልጅ ነበረ።

ከፋት። ጆሮውን መጥረጓ፣ ዱባውን መስጠቷ፣ ድስቱን መደብደቧ ሁሉ በከንቱ ሆነ። ድንጋይ አይሰማም፤ አይርበውም፤ አይተኛም።

ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ያ ልጅ እዚህ ተቀምጦ ይመልስ ነበር ብላ አሰበች። አባ ግቡ ዝም ያለው ልጁ የሄደ ቀን ነው።

«ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ።» ከመንገዱ የአህያ ኮቴ ተሰማ።

ብርቄ ጥርሶቹ መካከል አጮልቃ አየች። አንድ ሰውዬ፣ አንዲት ሴትዮና አንዲት ትንሽ ልጅ መጡ። አህያቸው ጓዝ ተጭናለች።

በሩ ፊት ቆሙ። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ።

«ቤቶች!»

ዝም።

ነፋስ ብቻ «ሽሽሽ» አለ።

ብርቄ ወደ ቀዳዳው ይበልጥ ተጠጋች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም።

«ቤቶች!» አለ ሰውዬው ደግሞ።

«ባለፈውም እንዲሁ ሆነን ነው የተመለስነው» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ደክሟል። «አያቶቻችን የኖሩባት ከተማ ናት ብለን መጣን። መቼስ የሚመልስ ከሌለ አይገባም። ነውር ነው። እንሂድ።»

«ኳሴስ?» አለች ልጅቷ። «እዚህ ነው የጠፋችብኝ።»

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ለብርቄ ገባት። ሰዎቹ የሚመለሱት ሰንደራን ጠልተው አልነበረም። ተጣርተው፣ ጠብቀው፣ የሚመልስላቸው አጥተው ነው።

እነሱ ጓሮ ተቀምጠው ሰው አይመጣም ይላሉ። ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሰው የለም ይላል።

ሰውዬው ቆቡን አደረገ። አህያዋን አዞረ።

መልሱን ታውቁት የለም? እንግዲያው ብርቄን እርዷት። አብረን እንበል፦

«ደጆች! ግቡ!»

«ደጆች-ች-ች-ች! ግቡ-ቡ-ቡ-ቡ!» አለ አባ ግቡ።

ተራራው ሰማ። ገደሉ ሰማ። ጆሮው ውስጥ የነበሩት ወፎች ላባቸው ሞልቶ ኖሮ፣ ፍርር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በረሩ።

የሰውዬው ቆብ ከራሱ ላይ ወደቀ። አህያዋ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

የብርቄ አባትና እናት እየሮጡ መጡ። አባቷ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አባ ግቡ ተናገረ» አለ። «በጆሮዬ ሰማሁት፤ ተናገረ።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ከድንጋዩ ጥርሶች መካከል አንዲት ጥርስ የሌላት ልጅ ብቅ አለች። አጠገቧ የዶሮ ራስ ብቅ አለ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ-ኝ-ኝ-ኝ።»

«ቁቅ-ቅ-ቅ-ቅ።»

እናቷ ሳቋ መጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ መቆም አቅቷት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«ኧረ ግቡ፣ ግቡ» አለች ለእንግዶቹ። «ቤት ያፈራውን እንቀምሳለን።»

አባቷ እንግዶቹን አየ። ለመንገድ የተጫነችውን የራሱን አህያ አየ። ሄዶ ጓዙን ማውረድ ጀመረ።

ብርቄ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ኳሷን ከጉያዋ አወጣች።

«ያንቺ ናት?»

ልጅቷ ኳሷን ተቀብላ አቀፈቻት። «የኔ ናት። ትርንጎ እባላለሁ።»

«እኔ ብርቄ። ድብብቆሽ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች ትርንጎ። «ግን መቁጠር የምችለው እስከ አምስት ነው።»

«ይበቃል፤ እኔ ቶሎ እደበቃለሁ» አለች ብርቄ።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦዩ ሄዱ። የትርንጎ አባት ረጅም እንጨት ድንጋዩ ሥር ሰካ። ሁሉም ተሰለፉ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!»

ድንጋዩ ትንሽ ነቅነቅ አለ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ብርቄ ገፋች። ትርንጎም ገፋች። ጉትዬ «ቁቅ» አለች።

«ጓ! ጓ! ጓጓጓ!» ድንጋዩ ተንከባሎ ገደል ገባ።

ውኃውም «ፏ» ብሎ መጣ። በቦዩ ወረደ፣ የዙፋኑ አዳራሽ ገባ፣ የዱባዎቹን እግር አጠበ።

ቀስ በቀስ ቅጠሉ ተቃና። ዙፋኑ ላይ ያለው ንጉሥም ደህና ነው፤ ትንሽ ተጨማደደ እንጂ።

አባ ግቡ ተናገረ፣ ሰው መጣ። ሰው መጣ፣ ድንጋዩ ተነሣ። ድንጋዩ ተነሣ፣ ብርቄ አልሄደችም።

አሁን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርቄና ትርንጎ እየተፈራረቁ አባ ግቡ አፍ ውስጥ ይቀመጣሉ። የመቀመጫው ጥግ ግን የጉትዬ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

ግድግዳው ላይም አዲስ ሥዕል አለ። ክንፍ ካለው ፈረስ አጠገብ ቁንጮ ያላት ዶሮ ተስላለች። ይህችን እንኳ አይቻታለሁ።

አንዳንድ ቀን የሚመጣ ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ግን ከታች «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ያን ቀን ማታ ጓሮው ውስጥ አዲስ የመጡት የሚያነዱት አንድ እሳት ይጨመራል።

አንድ ማታ እናቷ ብርቄን ስታስተኛት ብርቄ ዓይኗን አልጨፍን አለች።

«እማዬ፣ ያ ፈረስ የሣለው ልጅ አለ አይደል? ለሰው ሁሉ ‹ግቡ› ሲል ኖሮ፣ እሱ ከዚህ ሲሄድ የት ገባ?»

እናቷ ፀጉሯን እየዳበሰች አሰበች። «አንድ ቦታ ሄዶ ‹ቤቶች!› ብሎ ይሆናል» አለች።

«መለሱለት?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ቢመልሱለት ደስ ይለኛል።»

«እኔ ብሆን እመልስለት ነበር» አለች ብርቄ።

ብርድ ልብሱን ስባ ራሷን ሸፈነች። እናቷ በጣቷ ብርድ ልብሱን ቀስ ብላ ነካ ነካ አደረገችው።

«ቤቶች» አለች በሹክሹክታ።

ከብርድ ልብሱ ሥር በእንቅልፍ የተያዘ ትንሽ ድምፅ መጣ። «ደጆች… ግቡ…»

እናቷም ገባች። ብርቄን እቅፍ አድርጋ ተኛች። የብረት ቆቡ ውስጥ ጉትዬ ራሷን ክንፏ ሥር ከታለች።

እኔም ነግሬ ጨረስኩ። እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ልጣራ፣ ቀስ ብዬ።

ቤቶች…

ዝም።

ነፋስ ብቻ «ሽሽሽ» አለ።

ተኝታችኋል ማለት ነው። ደህና እደሩ።